በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የእጅ ሥራና ስለ ቤተሰባችን
(በአረፋ ሰሞን ለጀመዓችን ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ኮሚቴው ስለ ቤተሰብ ኑሮ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ጤና ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ስለተናገሩ፣ እኔ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ መርጫለሁ። ይኸውም በየቤታችን በትርፍ ጊዜ ስለሚሠራ የእጅ ሥራ ነው። ስፌት፣ ገመድ መግመድ፣ ምንጣፍ መሥራት፣ ቤት መለቅለቅና መጠገን፣ በርጩማ መጥረብ፣ ለልጅ መጫወቻ ማበጀት፣ እነዚህን ሁሉ ማለቴ ነው። «ይህም ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ብዙ ዓመት ልጆችን የእጅ ሥራ ሳስተምር ኖሬአለሁና ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ደግሞ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤታችን እናንሣ። የጉራጌ ቤት የታወቀ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በጀፎረው ላይ ቆሞ በግራና በቀኝ የተሰለፉትን ቤቶች ሲያይ ይደነቃል። እኛ ግን ስለለመድነው አናየውም። ክብ ቤት፣ በመካከሉ አንድ ምሰሶ፣ ከምሰሶው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ዙሪያው የሚዘረጉ እንጨቶች፣ በላዩ ሣር። በዱሮው አሠራር ምስማር አልነበረበትም፤ ሁሉም በገመድና በሐረግ የታሰረ ነበር። እንጨት በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይኮማተራል፤ ማሰሪያው ግን አብሮት ይላላል፣ አብሮትም ይጠብቃል። ምድጃው በቤት ውስጥ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭሱ ሣሩን እያጠነ ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ሰው ሳይኖርበት የተዘጋ የሣር ቤት ቶሎ የሚበሰብሰው። ለአረፋ ብቻ የሚከፈት ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የሣር ቤት ዝም ብሎ የሚኖር ዕቃ አይደለም። በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። አረፋ ከመድረሱ በፊት እናቶች፣ በአገራችን አነጋገር አዶቶቻችን፣ ግድግዳውን በጭቃ ይመርጉታል፣ ወለሉን ይለቀልቁታል፣ ጣባውንና የስፌት ዕቃውን አውርደው ጠርገው በግድግዳው ላይ መልሰው ይደረድሩታል። ሴት ልጆች ከእናታቸው ጎን ሆነው ጭቃውን ሲያቦኩ፣ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅና የትኛው እንደማይሰነጠቅ ያለ መጽሐፍ ይማራሉ። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭዱ ሳይቦካና ሳያድር ቢመረግ ደግሞ ግድግዳውን በደንብ አይዝም። ይህን ያወቀች ልጅ ትዕግሥትንም አብራ ታውቃለች።

ዛሬ ብዙዎቻችን ቆርቆሮ አልብሰናል። አልወቅስም። መስጂዳችንም ቆርቆሮ ነው፤ የሣር ክዳን ተወዷል፣ የግጦሽ መሬቱ ጠቧል፣ እሳትም ያስፈራል። ቆርቆሮ ክረምቱን ከፍሳሽ ያሳርፋል፤ ነገር ግን በበጋ ቀትር ምን እንደሚመስል፣ ዝናብ ሲመታውም ሰው ከሰው መነጋገር እንደማይችል እናውቀዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ሣሩ መቅረቱ አይደለም። ከሣሩ ጋር በየዓመቱ አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ አብረው የሚሠሩት ነገር መቅረቱ ነው። ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ ለሃያ ዓመት ማንንም አይጠራም።

የእኛ አገር የቤተሰብ ኑሮ ደግሞ ከሌላው ይለያል። አባት ብዙ ጊዜ ቤቱ የለም። አያቶቻችን በእግር ወደ አዲስ አበባ ወርደው ጉልበት ሠርተዋል፤ ልጆቻቸው በመርካቶ ሱቅ ከፍተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ሊስትሮ፣ ሹፌርና ነጋዴ ሆነዋል። ቤቱንና የኧሰቱን ጓሮ የያዘችው እናት ናት። አባት በአረፋ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ደስታ ነው፣ ልብስ አለ፣ ሥጋ አለ፣ ዘመድ ይሞላል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን አባትና ልጅ የሚያወሩት ያጣሉ። አባት የሱቁን ነገር ያስባል፤ ልጅ ሞባይሉን ያያል። «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» አለቀ። በመካከላቸው የሚሠራ ነገር ቢኖር ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። በርጩማ አብረው የሚጠርቡ ሰዎች ፊት ለፊት መተያየት የለባቸውም፤ ዓይናቸው ሥራው ላይ ነው። ልጅ በአፉ ሊናገር የሚፈራውን ነገር ዓይኑን እንጨት ላይ አድርጎ ይናገራል። በክፍል ውስጥም ይህንኑ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የቸሃ የቤት ኑሮ ለመጻፍ የማይበቃ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ላስታውስ። የዚሁ አገር ልጅ የሆኑት ደራሲ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመንደር ኑሮን የሚተርክ መጽሐፍ በቸሃ ቋንቋ ጽፈው፣ በፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው ተርጓሚነት እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ በአሜሪካ ታትሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1966 ደግሞ ዊልያም ሻክ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እዚሁ እኛ መካከል ተቀምጠው ያጠኑትን ስለ ጉራጌና ስለ ኧሰት ባህል የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። እናቶቻችን ኧሰት እንዴት እንደሚፍቁ፣ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የውጭ አገር ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ያነበዋል። የእኛ ልጅ ግን በጓሮው እያለ አያውቀውም።

እንግዲህ ከኧሰት ጀምረን አንድ ሁለት ሥራ በዝርዝር እንይ፤ ያለ ዝርዝር ምክር ብቻ ከሆነ ነገሩ ከበር አያልፍምና።

ኧሰት ሲፋቅ ቅርፊቱ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይዘረጋና በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል። ሥጋው ወርዶ ለቆጮ ይጠራቀማል፤ በሳንቃው ላይ የሚቀረው ነጭ ክር ቃጫ ነው። በብዙ ቤት ቃጫው እንደ ነገሩ ተጠቅልሎ ለነጋዴ ይሸጣል ወይም ጥግ ይጣላል። አንድ ልጅ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ገመድ መግመድ ሊማርበት ይችላል። ቃጫውን በደንብ አበጥሮ ሁለት እኩል እጅ ያደርገዋል። ሁለቱን በጭኑ ላይ በመዳፉ ወደ ፊት እየገፋ እያንዳንዱን ለየብቻ ያከራል። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ክር በአንድ አቅጣጫ ከርሮ ሁለቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲጠማዘዙ፣ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል። ስለዚህ ገመዱ ያለ ቋጠሮ ይያዛል። ክሩ ሊያልቅ ሲል አዲስ ቃጫ ይጨመራል፤ ሁለቱ እጆች ግን በአንድ ቦታ ላይ አብረው እንዳያልቁ መጠንቀቅ ነው፤ አለዚያ ገመዱ በዚያ ቦታ ይበጠሳል። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳስተምር ከሒሳብ ይልቅ ጥያቄ የሚበዛብኝ በዚህ ነበር።

ሁለተኛው ስፌት ነው። ስንደዶና አክርማ ዝናቡ ሲያበቃ በመስከረም ይለቀማል። ተሰንጥቆ ይደርቃል፣ ቀለም የሚገባው ይነከርና አለላ ይሆናል። ስፌት የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ አንድ ጣት የማታህል ጥቅል ታጥፋ እንደ ቀንድ አውጣ ትዞራለች፤ ወስፌው ባለፈው ዙር ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ሣሩ በእርሱ ያልፋል። ሣሩ በውኃ ካልረጠበ ይሰበራል፤ በጣም ከራሰ ደግሞ ሲደርቅ ይላላል። የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ዙሮች ከተጣመሙ ሙሉ ሰፌዱ ይጣመማል፤ ስለዚህ እናት ለልጇ መሃሉን ጀምራ ብትሰጣት ይሻላል፤ ልጅቱ ተስፋ ሳትቆርጥ ዙሩን ትቀጥላለች። አንዳንድ እናቶች የማዳበሪያ ጆንያ ክር እየፈቱ በሣር ፋንታ ይሰፉበታል። አንዳንዱ ሰው ይህን «ባህል ማበላሸት ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ጆንያውን መንገድ ላይ ከመጣል ሙዳይ ማድረግ ይሻላል፤ ቀለሙም አይለቅም። ሥራው ያው ነው፣ ዓይንና እጅ ያው ነው።

ስለ ወንዶች ልጆች ብዙ አልናገርም፤ ብዙ ነገር ራሳቸው ያውቃሉ። የጨርቅ ኳስ፣ ከሽቦ የሚሠራ መኪና፣ በመሬት ላይ ተቆፍሮ የሚጫወቱበት ገበጣ። ብቻ ወላጅ ሆይ፣ ልጅህ ከሽቦ መኪና ሲሠራ «ቆሻሻ ትሰበስባለህ» ብለህ አትቆጣው፤ የመኪናው መሪ እንዴት ጎማውን እንደሚያዞረው ጠይቀው። ሳያስረዳህ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህን ለመናገር ሳስብ ሰነበትኩ፤ ግን በመስጂድ ካልተነገረ የት ይነገራል?

የእጅ ሥራ ከቤታችን የሚጠፋው በቆርቆሮና በፕላስቲክ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሌላም ምክንያት አለ፤ የእጅ ሥራን ስለምንንቅ ነው። በአገራችን እንጨት የሚጠርቡት፣ የቤታችንን ምሰሶ የሚያቆሙት፣ ሸክላ የሚሠሩት፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን ተለይተው ኖረዋል። የተሰጣቸውን ስም እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «እነርሱ የረገጡት መሬት ፍሬ አይሰጥም» ተብሎ እንዳያርሱና ኧሰት እንዳይተክሉ ተከልክለው ነበር። ሻክም በመጽሐፋቸው ይህን ጽፈውታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጠው አዘዘ፤ በሕግ በኩል በሩ ተከፈተ። በልብ በኩል ግን ገና ነው።

እስቲ እንነጋገር። እዚህ በሶላት ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ እንቆማለን። ኢማሙ «ሰፋችሁን አስተካክሉ» ሲሉ እናስተካክላለን። ከበር ስንወጣ ግን ሰፉ ይፈርሳል። ቤታቸው ገብተን ቡና ለመጠጣት እናመነታለን፤ ልጅ ለመስጠትና ልጅ ለመቀበልማ ጨርሶ አናነሣውም። የሠሩልንን ጣባ ላይ ክትፎ እንበላለን፤ ባቆሙት ምሰሶ ሥር እንተኛለን። እንዲህ ያለ ነገር ከየት መጣ? ከዲናችን አልመጣም። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት እየሠሩ ጥሩር ያበጁ እንደነበር ቁርኣን ይነግረናል። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ፣ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ጫማቸውንና ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ እንደነበር በሐዲስ ተነግሯል። ቀጥቃጭን የሚንቅ ሰው ንቀቱ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ያስብበት።

ይህ ንቀት በመጀመሪያ እነርሱን ጎዳ፤ ኋላ ግን ወደ ራሳችን ቤት ተመልሷል። አንድ ተማሪ ነበረኝ። ቢላዋና እንጨት ከያዘ ሌላ ነገር አያይም ነበር። በርጩማ ሲጠርብ ሦስቱ እግሮች እንዲሁ በዓይን ተለክተው እኩል ይመጣሉ። እናቱ ግን ቢላዋውን ወስዳ ደበቀችው። ትምህርት ቤት መጥታ «መምህር፣ ልጄን የእነዚያን ሥራ አታስተምርብኝ፤ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያደገችበትን ተናገረች። ልጁ አሥረኛ ክፍል ሳይጨርስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ዛሬ የሶፋ እግር ይቀርጻል፣ ሠራተኛ ቀጥሯል፣ ለአረፋም በሬ ይዞ ይመጣል። እናቱ ግን ሰው ሲጠይቃት እስከ ዛሬ «ነጋዴ ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ እርሱ ራሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሰማት፤ ምንም አልመለሰም። ቡናውን ጨርሶ ወጣ።

ከዚህ ቤት ውስጥ ስንት እንደዚህ ያለ ልጅ አለ? አገር ቤት የእኛ ሥራ አይደለም የምንለውን ከተማ ስንገባ እንሠራዋለን፤ አናጢ፣ ብየዳ፣ ጫማ ሰፊ፣ ሶፋ ሠሪ እንሆናለን። ከተማ ላይ ገንዘብ ነው፣ አገር ቤት ላይ ነውር ነው። ይህን የሚያስታርቅ ክርክር እስካሁን አልሰማሁም።

አንዳንድ ወጣቶች «ወረቀትና ስልክ ባለበት ዘመን ገመድ መግመድ ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገመዱን ከሱቅ በርካሽ ታገኙታላችሁ፤ ገንዘብ አይተርፋችሁም። እኔ ገመዱን ለገመድነቱ አልፈለግሁትም። በስልካችሁ የአያታችሁን ሰፌድ ፎቶ አንሡ፤ የአለላውን አሰላለፍ ቁጠሩ፤ አያታችሁን «ይህ መስመር ለምን እዚህ ላይ ተሰበረ?» ብላችሁ ጠይቁ። በብዙ ሰፌድ ላይ መስመሩ የሚሰበረው ቀለሙ ስላለቀ ነው፤ አያታችሁም ቀለሙ ያለቀበትን ዓመትና ለምን እንዳለቀ ይነግሩዋችኋል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ወሬ የቤተሰባችሁ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተመካክረን አንድ ሥራ አስበናል። ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በክረምት ይቀዘቅዛል፣ አሁን የተነጠፈው ፕላስቲክም ተቀዷል። ለክፍሉ ጅባ እንሥራለት። ጅባ ከደረቀ ኧሰት የሚሠራ ነውና ቁሳቁሱ በየጓሮአችን አለ። ክፍሉን ለክቼዋለሁ፤ ርዝመቱ 7 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር ተኩል ነው። አንዱ ጅባ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ቢሆን ዘጠኝ ሙሉና ሦስት ግማሽ ይበቃናል፤ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ማለት ነው። ሥራው በቤተሰብ ይሁን፤ ለአረፋ የመጣ አባት ከመመለሱ በፊት ቢያንስ ማሰሪያውን ገመድ ከልጆቹ ጋር ገምዶ ይሂድ። ግማሾቹን ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ቤቶች ትተናል።

የሚያስተምሩን ሁለት እናቶችና አንድ አባት ፈቃደኛ ሆነዋል። ሙያው ከአባት ከአያታቸው የወረሱት ነው፤ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ነገ ታዩዋቸዋላችሁ። ኮሚቴው ለድካማቸው የሚከፈለውን መድቧል፤ በነፃ አናሠራቸውም። ትምህርቱ የሚሆነው ከነገ ወዲያ ከዐስር ሶላት በኋላ በእነርሱ ግቢ ነው እንጂ እዚህ አይደለም። ቡና ይፈላል። የሚመጣ ሰው ቡናውን ይጠጣል።

ቃጫ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከእኔ ቤት ይውሰድ። መዝገቡ በር ላይ ካለው ወንድማችን ዘንድ ነው፤ እስካሁን አራት ቤተሰብ ተመዝግቧል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።